ተቀጥራችሁ እየሠራችሁ የራሳችሁን ንግድ ስታስመዘግቡ፦ ከሕግ አደጋ የሚጠብቅ ዝርዝር መመሪያ

አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ የሒሳብ ባለሙያ በሚስቱ ስም የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ግብሩ በወቅቱ ይከፈላል፣ ሱቁም ከመሥሪያ ቤታችን ሥራ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ሁለት ዓመት በሰላም ነገዱ። በሦስተኛው ዓመት የግዥ ክፍላችን ለወረቀትና ለፕሪንተር ቀለም ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሲሰበስብ አንዱ ከዚያ ሱቅ መጣ፤ ዋጋው ዝቅተኛ ስለነበር አሸነፈ። የክፍያ ሰነዱን መርምሮ የሚፈርመው ደግሞ እሱ ነበር። ፈረመ። ድርጅቱ አንድ ብር አልከሰረም። ነገሩ በውስጥ ኦዲት ሲወጣ ግን ሰውየው ከሥራው ተሰናበተ።

ይህን የማነሳው ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ “ተቀጥሬ እየሠራሁ ንግድ ፈቃድ ማውጣት ይከለከላል ወይ?” የሚል ስለሆነ ነው። ለአብዛኛው የግል ድርጅት ተቀጣሪ መልሱ አጭር ነው፤ አይከለከልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በትርፍ ጊዜው የራሱ ንግድ እንዳይኖረው የሚያግድ ጠቅላላ ድንጋጌ የለውም። ሰውን ከሥራ የሚያስወጣው፣ ፍርድ ቤት የሚያቆመው፣ አንዳንዴም ወህኒ የሚያደርሰው በፈቃዱ ዙሪያ የሚደረገው ነገር ነው፦ የሥራ ሰዓት፣ የድርጅት ንብረት፣ የድርጅት ደንበኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መደበቅ። ስለዚህ ወደ ወረዳ ወይም ወደ ኢትሬድ፣ ማለትም የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ወደሚወጣበት የመንግሥት ድረ ገጽ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። በቅደም ተከተል እንሂድ።

ደረጃ 1፦ የትኛው ሕግ እንደሚገዛችሁ ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጓደኛው ያደረገውን አይቶ ያደርጋል፤ ጓደኛው ግን በሌላ ሕግ ሥር ያለ ሰው ነው።

በግል ድርጅት፣ መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት ወይም በመንግሥት የልማት ድርጅት ተራ ሠራተኛ ከሆናችሁ በመሠረቱ የሚገዛችሁ አዋጅ 1156/2011 ነው፤ የልማት ድርጅት ከሆነ ደግሞ የኅብረት ስምምነት አብሮ ይኖራል።

“የሥራ መሪ” ከሆናችሁ ግን ያ አዋጅ አይመለከታችሁም። የሥራ መሪ ማለት የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን በሕግ ወይም በውክልና የተሰጠው ሰው ነው። የእናንተ ጉዳይ የሚታየው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግና በውላችሁ ነው። ከሥራ መሪ የሚጠበቀው ታማኝነት ከፍ ያለ ነው፤ ሠራተኛውን የሚጠብቁት የአዋጁ ከለላዎችም አያገኙትም። የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ወይም የቦርድ አባል ከሆናችሁ ደግሞ ጥንቃቄው ይጠብቃል። ከምትመሩት ድርጅት ጋር የሚወዳደር ንግድ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ይዛችሁ መገኘት በራሱ የምትጠየቁበት ጉዳይ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ የሚገዛችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው፤ ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ሙሉ ጉልበቱንና ችሎታውን ለሕዝብ አገልግሎት የማዋል ግዴታ አለበት። የመሥሪያ ቤታችሁ ማቋቋሚያ ደንብ ወይም የሥነ ምግባር ደንብ የበለጠ ጥብቅ ሊሆን ስለሚችል ከሁሉ በፊት እሱን ጠይቃችሁ አግኙ። በሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት ሀብታችሁን የማስመዝገብ ግዴታ ካለባችሁ አዲሱ ንግድ እዚያ ቅጽ ላይ መግባት አለበት። የቤተሰብ ሀብትም ስለሚመዘገብ በሚስት ወይም በባል ስም መሆኑ ከዚህ ግዴታ አያወጣም።

ባንክ፣ ኢንሹራንስና ሌሎች ከሕዝብ ወይም ከአባላት በተሰበሰበ ገንዘብ የሚሠሩ ኩባንያዎች ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 “ሕዝባዊ ድርጅት” የሚላቸውን የግሉ ዘርፍ ተቋማትም ይሸፍናል። “እኔ የግል ባንክ ሠራተኛ ነኝ፣ ሙስና የመንግሥት ሰው ጉዳይ ነው” የሚለው አነጋገር በሕግ ፊት አይቆምም። የብድር ክፍል ባልደረባ ሆኖ ለራሱ ወይም ለዘመዱ ድርጅት ብድር ያመቻቸ ሰው የሚጠብቀው ስንብት ብቻ አይደለም።

ደረጃ 2፦ የፈረማችሁትን ወረቀት ሁሉ አውጡና አንብቡ

የቅጥር ውል ስትፈርሙ ደስታ ነበር፣ ማንም አላነበበውም። አሁን አንብቡት። ከውሉ ጋር የድርጅቱን የሥራ ደንብ፣ የኅብረት ስምምነቱን፣ የሥነ ምግባር መመሪያውን፣ የምስጢር ጥበቃ ስምምነቱን፣ ድርጅቱ ላስተማራችሁ ሥልጠና የገባችሁትን ግዴታ ሰብስቡ። ሰው ሀብት ክፍል ያለው የግል ማኅደራችሁ ውስጥ እናንተ የረሳችሁት ፊርማ ሊኖር ይችላል። መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች በየዓመቱ የሚሞላ የጥቅም ግጭት ማሳወቂያ ቅጽ የተለመደ ነው፤ አምና “የለኝም” ብላችሁ የፈረማችሁት ዘንድሮ ሐሰት ሊሆን ነው ማለት ነው።

ስታነቡ የምትፈልጓቸው ዓረፍተ ነገሮች እነዚህን የሚመስሉ ናቸው።

“ሠራተኛው ያለ አሠሪው የጽሑፍ ፈቃድ ሌላ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ አይሠራም።” ይህ ካለ ፈቃድ ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለም። ውል በተዋዋዮች መካከል ሕግ ነው።

“ሠራተኛው ከድርጅቱ ጋር ተመሳሳይ በሆነ የሥራ ዘርፍ አይሰማራም።” ይህ የሚያግዳችሁ ከድርጅቱ ጋር ከሚመሳሰል ሥራ ነው። የኮምፒውተር ጥገና ድርጅት ሠራተኛ የእንጀራ ማከፋፈያ ቢከፍት አይነካውም።

“ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ለዚህን ያህል ዓመት አይወዳደርም።” እንዲህ ያለው ቃል ሁሉ እንደተጻፈ ይጸናል ማለት አይደለም። ጊዜው፣ ቦታውና የሥራው ዓይነት ያልተገደበ፣ ሰውን ከእንጀራው ጨርሶ የሚያግድ ከሆነ በፍርድ ቤት ለመከራከር ሰፊ መንገድ አለ። ሥራ ላይ እያላችሁ የሚጠበቅባችሁ ታማኝነት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን “ውሉ ልክ አይደለም” በሚል ክርክር አታልፉትም።

የሥራ ደንቡን ወይም የኅብረት ስምምነቱን አቅልላችሁ አትዩት። አዋጁ ራሱ በኅብረት ስምምነት ያለ ማስጠንቀቂያ እንደሚያሰናብቱ የተዘረዘሩ ጥፋቶችን ይቀበላል።

ደረጃ 3፦ የንግድ መደቡን ከመምረጣችሁ በፊት አሠሪያችሁ የያዘውን እዩ

የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው በሥራ መደብ ኮድ ነው። ብዙ ሰው “ለወደፊቱ ይጠቅመኛል” እያለ ሰፊ መደብ ወይም ብዙ መደብ ይወስዳል። ለተቀጣሪ ይህ ጎጂ ልማድ ነው። የምትወስዱት ኮድ አሠሪያችሁ ከያዘው ኮድ ጋር አንድ ከሆነ አንድም ዕቃ ሳትሸጡ የተወዳዳሪነት ማስረጃ በመንግሥት ማኅተም አዘጋጅታችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው። የምትሠሩትን ብቻ ውሰዱ። የንግድ ስም ስትመርጡም የድርጅታችሁን ስም የሚያስታውስ ነገር አታስገቡ።

እዚህ ላይ ሊዘለል የማይገባው የብቃት ማረጋገጫ ጉዳይ አለ። መድኃኒት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የግንባታ ሥራ ተቋራጭነት፣ የምህንድስና አማካሪነትና የመሳሰሉት ዘርፎች ፈቃድ ከማግኘታቸው በፊት ከሚመለከተው ተቋም የብቃት ማረጋገጫ ይፈልጋሉ። የሚጠየቀውም አንድ ባለሙያ እዚያው ሆኖ እንዲሠራ ነው። ሌላ ቦታ ተቀጥራችሁ ሳላችሁ በራሳችሁ ስም የባለሙያነት ቦታውን መያዝ ብዙውን ጊዜ የማይቻለው ለዚህ ነው፤ ከቀድሞ አሠሪ የመልቀቂያ ወረቀት አምጡ ትባላላችሁ። ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው፦ መልቀቂያ ያስመስላል፣ ወይም የሌላ ባለሙያ ወረቀት “ይከራያል”። ሁለቱም ወንጀል ናቸው። በሐሰተኛ ሰነድ ጀምሮ የቆመ ንግድ ደግሞ በማንኛውም ቀን ይፈርሳል። የሙያ ዘርፋችሁ እንዲህ ያለ ከሆነ አማራጩ ሁለት ነው፦ ሥራውን ለቅቃችሁ መጀመር፣ ወይም ሙሉ ጊዜውን የሚሠራ ባለሙያ በእውነት ቀጥራችሁ ባለቤት ብቻ መሆን።

ደረጃ 4፦ መናገር ወይስ ዝም ማለት?

በጣም የምጨነቅበት ክፍል ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚሰጠው ምክር ሁሉ ወደ አንድ ጽንፍ ያደላል። አንዱ “ማንም እንዳያውቅ” ይላል፣ ሌላው “ለአለቃህ ሁሉን ንገር” ይላል።

መጀመሪያ ይህን እወቁ፦ ምስጢር ሆኖ አይቀርም። የንግድ ምዝገባ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁ አንድ ብቻ ነው፤ አሠሪያችሁ የደመወዝ ግብራችሁን በየወሩ የሚከፍልበት ቲን ንግዳችሁም የሚመዘገብበት ነው። ያን ቁጥር ኢትሬድ ላይ አስገብቶ የሚያይ ሰው ያገኛችኋል። ፋይዳም (ዲጂታል መታወቂያው) ሲጨመር የአንድ ሰው መዝገቦች ይበልጥ እየተሳሰሩ ነው።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ውላችሁ ወይም ደንባችሁ “አሳውቅ” የሚል ከሆነ፣ ወይም ንግዳችሁ ከአሠሪያችሁ ሥራ ጋር የሚነካካ ከሆነ፣ ወይም እናንተ በግዥ፣ በክፍያ፣ በብድር፣ በጨረታ ወይም በደንበኛ አገልግሎት ቦታ ላይ ከተቀመጣችሁ፣ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቢኖር በጽሑፍ አሳውቁ። ከሦስቱ አንዱም ከሌለ ዝም ማለታችሁ ጥፋት አይደለም። ስትጠየቁ ግን አትዋሹ። ስንት ሰው በንግዱ ሳይሆን “የለኝም” ባለው ቃሉ ተሰናብቷል። አዋጁ ያለ ማስጠንቀቂያ ከሚያሰናብቱ ምክንያቶች መካከል በሥራ ላይ የማታለል ተግባር መፈጸምን ይቆጥራል፤ በቅጽ ላይ የተጻፈ ሐሰት ለዚህ ክርክር ቀለብ ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦

“ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል። ጉዳዩ፦ ከሥራ ሰዓት ውጪ ስለምሠራው የግል ንግድ ማሳወቅን ይመለከታል። በድርጅቱ በዚህ የሥራ መደብ ተቀጥሬ በማገልገል ላይ ስሆን፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ በዚህ የንግድ ዘርፍ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ለማውጣት አስቤአለሁ። ሥራው ድርጅቱ ከሚሠራው ጋር የማይወዳደር ሲሆን፣ የድርጅቱን የሥራ ሰዓት፣ ንብረት፣ መረጃም ሆነ ደንበኞች አልጠቀምም። ድርጅቱ ከእኔ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚገዛበት ሁኔታ ቢፈጠር አስቀድሜ በጽሑፍ አሳውቄ ከውሳኔው ራሴን አገልላለሁ። ውሳኔው በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።”

በሁለት ቅጂ አትሙት፣ በመዝገብ ቤት በኩል አስገቡት፣ ቁጥርና ቀን ያለበት “ደርሷል” የሚል ማኅተም በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ አስመቱ። አለቃችሁ ቡና ላይ “ችግር የለም” ቢላችሁ በጎ ሰው ነው፤ ነገ ግን ሊዛወር ይችላል። ከቃሉ ይልቅ ወረቀቱ ያድናችኋል።

መልስ ሳይመጣ ቢቀርስ? ውላችሁ “በጽሑፍ ሲፈቀድ” የሚል ከሆነ ዝምታ ፈቃድ አይደለም፤ አስታዋሽ ጻፉና ጠብቁ። ማሳወቅ ብቻ ከሆነ ግዴታችሁ ተወጥታችሁታል።

የሙከራ ጊዜ ላይ ያላችሁ፣ ማለትም 60 የሥራ ቀናት ያልሞላችሁ፣ ለጊዜው ተዉት። በዚያ ጊዜ ያላችሁ ጥበቃ ቀጭን ነው።

ደረጃ 5፦ በማን ስም? በምን ዓይነት ድርጅት?

“በሚስቴ ስም ላድርገው”፣ “በወንድሜ ስም ይሁን” የሚለው መፍትሔ በአገራችን የተለመደ ነው። ወንድም ወይም ሚስት በእውነት የሚሠሩት ንግድ ከሆነ ምንም ነውር የለበትም። መደበቂያ ከሆነ ግን አደጋውን ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም።

በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ በጥረታቸው የሚያፈሩት ገቢ የጋራ ነው፤ በአንዱ ስም ብቻ መመዝገቡ ይህን አይለውጠውም። ስለዚህ አሠሪያችሁ “የጥቅም ግጭት አለ” ሲል “የሚስቴ ነው” ማለት መልስ አይሆንም። ለጋራ ኑሮ የተበደረችው ዕዳም ወደ እናንተ ይመጣል። በወንድም ስም ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ያስፈራል፦ በሕግ ፊት ነጋዴው እሱ ነው። ባንክ ሒሳቡ የእሱ፣ ዕቃው የእሱ፣ ግብሩም የእሱ። አንድ ቀን ቢያኮርፍ፣ ቢፋታ፣ ክፉ አይንካውና ቢሞት “ገንዘቡ የእኔ ነበር” ብላችሁ የምትከራከሩት ከወራሾቹ ጋር ነው። የቤተሰብ ጠብ ከሥራ ማጣት ይከፋል።

የድርጅቱን ዓይነት በተመለከተ በግል ነጋዴነት መመዝገብ ቀላሉና ርካሹ ነው፤ ነገር ግን ለንግዱ ዕዳ ቤታችሁም መኪናችሁም ተጠያቂ ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይህን ይገድባል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ስለፈቀደ ዛሬ ለማሟያ ብቻ የአጎት ልጅን አባል ማድረግ አያስፈልግም። በማኅበር ውስጥ ባለድርሻ መሆንና ሥራ አስኪያጅ መሆን ግን የተለያዩ ናቸው። ባለድርሻ ገንዘቡን ያዋለ ሰው ነው፤ ሥራ አስኪያጅ ግን ባንክ የሚፈርም፣ ገቢዎች የሚጠራው፣ ድርጅቱ የግብር ወንጀል ቢፈጽም በራሱ ሊጠየቅ የሚችል ሰው ነው። ሙሉ ቀን ቢሮ የምትውሉ ከሆነ ሥራ አስኪያጅነቱን በእውነት ለሚውልበት ሰው ስጡት።

ደረጃ 6፦ ምዝገባው፣ ከዚያም ግብሩ

ምዝገባው ራሱ ዛሬ ቀላል ሆኗል። በኢትሬድ ወይም በክፍለ ከተማና በወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት መታወቂያ፣ ቲን፣ የንግድ ቤት አድራሻ የሚያሳይ የኪራይ ውል ወይም የባለቤትነት ማስረጃ ይዛችሁ ትጨርሱታላችሁ፤ ማኅበር ከሆነ የመመሥረቻ ጽሑፉ ይጨመራል። አድራሻ ብላችሁ የመሥሪያ ቤታችሁን፣ ስልክ ብላችሁ የቢሮ ቁጥራችሁን፣ ኢሜይል ብላችሁ ድርጅቱ የሰጣችሁን አታስገቡ። ቅጹን ሲሞሉ ሳያስቡት የሚጻፍ ነገር ስለሆነ ነው።

ፈቃድ ሳይኖር መነገድ ከሁሉም የባሰ ነው። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 የጸና ፈቃድ ሳይኖረው የሚነግድ ሰው በመቀጮና በጽኑ እስራት ይቀጣል። “አሠሪዬ እንዳያውቅ ፈቃድ አላወጣም፣ በቴሌግራም ብቻ እሸጣለሁ” የሚሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል። የዲሲፕሊን ጉዳይን ሸሽተው ወደ ወንጀል ጉዳይ እየገቡ ነውና እባካችሁ ምከሯቸው።

ፈቃዱ ከወጣ በኋላ የግብር ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ሸጣችሁም አልሸጣችሁም። በገቢ ግብር ሕጉ ደመወዛችሁ በሠንጠረዥ “ሀ”፣ የንግድ ትርፋችሁ በሠንጠረዥ “ሐ” ለየብቻ ይታያል። ንግዱ ቢከስር ኪሳራውን ከደመወዝ ግብራችሁ ላይ አታቀናንሱም፤ አሠሪው የሚቆርጥላችሁም የንግዱን ግብር አይሸፍንም። ምንም ሥራ ባይኖር እንኳ ባዶ የግብር ማስታወቂያ ይቀርባል። ሁለት ዓመት ረስታችሁ ሦስተኛው ዓመት ላይ ፈቃዱን ልመልስ ስትሉ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ) የሚከለክላችሁ ያልቀረበው ማስታወቂያና የተከመረው ቅጣት ነው። ፈቃድ ለማውጣት ከመቸኮል ለመነገድ ስትዘጋጁ ማውጣት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ሠራተኛ ከቀጠራችሁ እናንተም አሠሪ ሆናችሁ። የደመወዝ ግብር መቁረጥ፣ ጡረታ ከእናንተ 11 በመቶ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ገቢ ማድረግ ግዴታችሁ ነው። እናንተ ቢሮ ሳላችሁ ሱቁ ላይ ያስቀመጣችሁት ልጅ ያለ ደረሰኝ ቢሸጥ የሚጠየቀው የፈቃዱ ባለቤት ነው። ከዕለታት አንድ ቀን የገቢዎች ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት ደውሎ “አሁኑኑ ድረስ” ሲል ከአለቃችሁ ምን ብላችሁ ፈቃድ እንደምትጠይቁ ከወዲሁ አስቡ።

ደረጃ 7፦ ግድግዳውን ገንቡ

ከዚህ በኋላ ያለው የየዕለት ጥንቃቄ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀውም እዚህ ነው።

ጊዜ። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ ውጪ ያለው የእናንተ ነው፤ ያ ሰዓት ውስጥ ያለው የአሠሪያችሁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጣችሁ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ፣ ወይም በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ወዲያውኑ ያሰናብታል። ነጋዴ ተቀጣሪ እዚህ ቁጥር ላይ የሚደርሰው ሳያውቀው ነው፤ ዕቃ ማራገፍ፣ ጉምሩክ፣ ባንክ፣ ሁሉም በሥራ ሰዓት ነው። የዓመት ፈቃዳችሁን ለዚህ አውሉት፤ ለመጀመሪያ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን አላችሁ። በሕመም ፈቃድ ላይ እያላችሁ ሱቅ ቆማችሁ መገኘት ግን ከማርፈድ ጋር አይነጻጸርም። ሐኪም ዕረፉ ብሎ ደመወዝ እየተከፈላችሁ መነገድ ግልጽ ማታለል ሆኖ ይታያል፣ አንድ ፎቶ ብቻ ይበቃል።

ንብረት። ከሥራ ቦታ ያለ ፈቃድ ንብረት መውሰድ በአዋጁ የተከለከለ ተግባር ነው። አንድ ደስታ ወረቀት፣ የቢሮው ፕሪንተር፣ የድርጅቱ መኪና ነዳጅ፣ የቢሮ ላፕቶፕ ላይ የተቀመጠ የራሳችሁ የዋጋ ዝርዝር፣ ሁሉም ይቆጠራል። ላፕቶፑ የድርጅቱ ነው፤ አይቲ ክፍል ሲከፍተው የሚያገኘውን ሁሉ ማስረጃ ያደርገዋል።

ዕውቀትና ፈጠራ። ሶፍትዌር የምትሠሩ፣ ዲዛይን የምታወጡ፣ የምትጽፉ ሰዎች ይህን አትለፉት። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት ሠራተኛ በቅጥር ሥራው ሂደት የፈጠረው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ነው። በሥራ ሰዓት ለቢሮ የጻፋችሁትን ኮድ አሻሽላችሁ በራሳችሁ ድርጅት ስም ብትሸጡ የሸጣችሁት የሰው ንብረት ነው። የራሳችሁን በራሳችሁ ኮምፒውተር፣ በራሳችሁ ሰዓት ሥሩ፤ መቼ እንደጻፋችሁት የሚያሳይ መዝገብም ያዙ።

ሰው። የድርጅቱን የደንበኞች ዝርዝር፣ የዋጋ አወጣጥ፣ የአቅራቢ ስምምነት ወደ ራሳችሁ ንግድ ማሻገር የሠራተኛ ሕጉን ብቻ አይነካም። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሌላውን ነጋዴ የንግድ መረጃ ያለ ፈቃዱ ከመልካም የንግድ አሠራር በሚቃረን መንገድ መጠቀም ተገቢ ያልሆነ ውድድር ነው። አሁን እናንተም ነጋዴ ስለሆናችሁ በዚያ አዋጅ ልትከሰሱ ትችላላችሁ። የቢሮ ደንበኛ “ለምን በግልህ አትሠራልኝም?” ሲላችሁ የሚሻለው መልስ “ለድርጅቱ ጠይቁ” ነው።

ስለ ፕሮፎርማም አንድ ጥብቅ ነገር ልናገር። ለአሠሪያችሁ አትሽጡ። በሕግ ሁልጊዜ የተከለከለ ሆኖ አይደለም፤ በግልጽ አሳውቆ፣ ከውሳኔው ወጥቶ፣ በጨረታ ተወዳድሮ መሸጥ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ግን ዋጋው ቢያንስም፣ ጥራቱ ቢበልጥም ንጽሕናችሁን ለማስረዳት የሚወስድባችሁ ጊዜ ከትርፉ ይበልጣል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ የወንጀል ፋይል መነሻ ነው። በመግቢያዬ ያነሳሁት ባልደረባዬ ያን ቀን አንድ ነገር ብቻ አድርጎ ቢሆን፣ ሰነዱን ለሌላ ሰው አሳልፎ “ይህ የባለቤቴ ሱቅ ስለሆነ እኔ አልፈርምም” ብሎ ጽፎ ቢሆን፣ ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ በነበረ።

ደረጃ 8፦ ከተጠራችሁ

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ከጠራችሁ የተከሰሳችሁበትን በጽሑፍ ጠይቁ። ያ “ደርሷል” ያለበት ደብዳቤ ካለ ቅጂውን አያይዙ። “ሥራህን ራስህ ልቀቅ፣ ስምህ እንዳይበላሽ” ብለው መልቀቂያ ቢያስጽፏችሁ ወዲያው አትፈርሙ፤ አንድ ሌሊት ጠይቁ፣ የሠራተኛ ማኅበር ካለ አማክሩ። ራሱ የለቀቀ ሰው ሕገ ወጥ ስንብት ብሎ መክሰስ ይቸግረዋል።

ከተሰናበታችሁ ሁለት ቁጥሮችን ያዙ። አሠሪው የስንብቱን ምክንያት በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱም ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ካለፈ ይቀራል። ከዓመት በፊት ደብዳቤ አስገብታችሁለት ያወቀውን ንግድ ዛሬ ምክንያት ቢያደርገው ይህ ጠንካራ መከላከያ ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ “ትንሽ ይረጋጋና” ብላችሁ አትጠብቁ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፍልም፤ ስለዚህ የገንዘብ እጥረት ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ አያግዳችሁ።

የሥራ መሪና የመንግሥት ሠራተኛ መንገዱ ሌላ ነው። ለእናንተ መጀመሪያ የሕግ ባለሙያ፣ ከዚያ መልስ።

ደረጃ 9፦ ንግዱ ቆሞ ሥራውን ስትለቁ

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይለቃል። ሳይሰጥ የሄደ ሰው እስከ 30 ቀን ደመወዙ ድረስ ካሣ ሊከፍል ይችላል፤ የሚቆረጠውም ከቀሪ ክፍያው ነው። የሥልጠና ግዴታ ካለባችሁ ከዚህ የተለየ ሒሳብ ነው፤ ውሉን አውጥታችሁ ቀሪውን ወር ቁጠሩ።

በእነዚያ 30 ቀናት ባልደረቦችን “ከእኔ ጋር ኑ” እያሉ መመልመል፣ ለደንበኛ “ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እዚህ ደውሉልኝ” ብሎ መልእክት መላክ የተለመደ ነው፤ ገና ሠራተኛ ስለሆናችሁ ሁሉም በእናንተ ላይ ይቆጠራል። ላፕቶፑን፣ ቁልፉን፣ ሲም ካርዱን፣ ፋይሉን በርክክብ ቅጽ አስረክቡና ቅጂውን ያዙ። ውላችሁ ከተቋረጠ ጀምሮ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ቀሪ ክፍያችሁን፣ እንዲሁም የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ተቀበሉ። የሱቁን በር በሙሉ ቀን የምትከፍቱት ከዚያ በኋላ ይሁን።